መሐንዲሱ፣ አቅራቢዋና ግንበኛው

አንባቢ ሆይ፤ ልጆች በጓሮ ተሰብስበው ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ቆም ብለው ተመልክተው ያውቃሉን? አንዷ ማንም ሳይሾማት እናት ትሆናለች። ሌላው «ራት ደረሰ ወይ?» እያለ ከሥራ የሚመለስ አባት ይሆናል። ትንሹም ወደደም ጠላም ሕፃን ሆኖ ይታዘላል። ቆርኪው ሳሕን፣ አፈሩ ሽሮ፣ ቅጠሉ ጎመን መሆኑን ማንም ለማንም አይነግርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። እንዴት እንዳወቁት ቢጠይቋቸው የሚመልስልዎ የለም። እኛም በጊዜያችን ብንጠየቅ ኖሮ መልስ አይኖረንም ነበር።

የእኅቴ ልጅ ይህን ጨዋታ አንድ ቀን እንኳ ተጫውቶ አያውቅም። አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ስሙ የራሱ ነውና አድጎ ሲፈቅድ ይጻፍ። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በሽሮ ሜዳ በምንኖርበት ግቢ ውስጥ የጎረቤት ልጆች ዕቃ ዕቃቸውን ዘርግተው ሲጫወቱ፣ እርሱ መካከላቸው ገባና ሳሕን የተባሉትን ቆርኪዎች ሁሉ ሰብስቦ በግድግዳው ሥር በየቀለማቸው ደረደራቸው። ቀዩን ከቀዩ፣ ቢጫውን ከቢጫው። «እናት» የነበረችው ልጅ «ራታችንን ወሰደብን!» ብላ አለቀሰች። እርሱ ደግሞ ስለ ምን እንደምታለቅስ አልገባውም፤ እርሱ የሚያየው የተወሰደ ራት ሳይሆን የተደረደረ ቆርኪ ነው። ከልጆቹ አንዱ ሰልፉን በእግሩ በበተነበት ጊዜ ግን ሁለት ጆሮውን ይዞ ጮኸ፤ እስከ ማታም ዝም የሚያሰኘው አልተገኘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሱ አይችልም» ተባለ። በልጆች ሸንጎ ደግሞ ይግባኝ የለም።

በግቢያችን ያልተባለ ነገር አልነበረም። አንዷ «ቡዳ ነው» አለች፤ ሌላዋ «እናቱ አሞላቃው ነው» አለች። እትዬ (ታላቅ እኅቴን የምጠራት እንዲህ ነው) ጸበል ወሰደችው፤ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ ትምህርት ቤትም አስገባችው። አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን ልተወው፣ በሁለተኛው ሳምንት «ሌላ ቦታ ቢሞክሩ ይሻላል» ብሎ መለሰላት። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ሳይቸኩል ካየው በኋላ «ኦቲዝም ነው» አላት።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። ኦቲዝም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ የልጁ አእምሮ ከመጀመሪያው አንሥቶ የሚያድግበት መንገድ ከብዙዎቻችን የተለየ ስለ ሆነ የሚታይ ነገር ነው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በአሜሪካ አገር በ1943 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ስለ 11 ልጆች በጻፈው ጽሑፍ ነገሩን ለዓለም አስታወቀ። ሃንስ አስፐርገርም በቪየና በ1944 ተመሳሳዩን ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት «ይህ የመጣው እናት ለልጇ ፍቅር ስለ ነሣች ነው» የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። ዛሬ ይህ ሐሳብ ተጥሏል፤ በእርሱ ምክንያት ስንት እናት በከንቱ እንዳለቀሰች ግን እግዚአብሔር ይወቀው። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስለ ገዛ ልጃቸው በአደባባይ እየተናገሩ፣ በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ እስኪከፍቱ ድረስ ቃሉን እንኳ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። እኒህ ሴት በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እትዬ ቃሉን ከሐኪሙ አፍ በሰማች ጊዜ «ወይዘሮ ዘሚ የሚሉት ነው?» ብላ መጠየቋን አልረሳውም።

እዚህ ላይ የራሴን ኀፍረት ልናገር። ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወጥቼ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። የልጆችን ሥነ ልቡና ተምሬ በመልካም ነጥብ አልፌአለሁና ይህን ልጅ እኔ አስተካክለዋለሁ አልሁ። ዘዴዬም ይህ ነበር። በየማታው አገጩን በእጄ ይዤ «ወደ ዐይኔ ተመልከት!» እለዋለሁ፤ ከተመለከተ ብስኩት እሰጠዋለሁ፤ ካልተመለከተ ብስኩቱን ራሴ እበላዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት እጄን ነከሰኝ። ጠባሳው አሁንም በአውራ ጣቴ ሥር አለ። ከዚያ ወዲያ የእግሬን ኮቴ ከሰማ አልጋ ሥር ይገባ ጀመር።

እትዬ አልተቆጣችም። «ወንድሜ፤ ለአንተ ተማሪ ነው፤ ለእኔ ግን ልጄ ነው። ተወው» አለችኝ። ተውሁት።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ አገር ዋሽንግተን አጠገብ የምትኖረው አክስታችን አንድ ካርቶን ያገለገለ ሌጎ በሰው እጅ ላከችልን። ሌጎ፣ ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የተባለ አናጢ በዴንማርክ አገር ቢሉንድ በምትባል መንደር በ1932 የጀመረው የመጫወቻ ሥራ ነው፤ ስሙም በአገሩ ቋንቋ «በደንብ ተጫወት» ከሚለው የወጣ ነው። ዛሬ የምናውቀው፣ በራሱ ላይ ጉብ ጉብ ያለውና አንዱ ባንዱ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጥመው የፕላስቲክ ጡብ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በ1958 ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ይህን ሳልነግርዎ አላልፍም፤ ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸው፣ በቀለም እንኳ የማይለያዩ ስድስት ጡቦች በ915,103,765 ልዩ ልዩ መንገድ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም።

የእኅቴ ልጅ ካርቶኑ በተከፈተ ጊዜ ከጧት እስከ ምሳ ከቦታው አልተነሣም። እኔም ቀስ ብዬ ገብቼ በክፍሉ ማዶ ተቀመጥሁ። አልሸሸም። አንድ አረንጓዴ ጡብ አንሥቼ እርሱ ከከመራቸው አረንጓዴዎች ላይ ጨመርሁለት። አየኝ አልልም፤ ጡቡን ግን አየው፤ ከክምሩም አላወጣውም። ያን ዕለት ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዓት ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ላይ የተጻፈውን እየፈለግሁ ማንበብ ጀመርሁ። ዳንኤል ለጎፍ የተባለ የሥነ ልቡና ሐኪም በ1990ዎቹ ዓመታት በሃዋይ፣ በሆኖሉሉ ከተማ ይሠራ ነበር። ከሚከታተላቸው ልጆች ሁለቱ አንድ ቀን በተራ መጠበቂያው ክፍል ተገናኙ። ሁለቱም ከእኩዮቻቸው ጋር መግባባት የሚቸግራቸው ናቸው፤ እንዳጋጣሚ ግን ሁለቱም የሠሩትን ሌጎ ከቤት ይዘው መጥተው ነበር። ለጎፍ ሲመለከት ልጆቹ አንዱ የሌላውን ሥራ ያያል፣ ያሳያል፣ ይጠይቃል፤ ማንም አላዘዛቸውም። ሌላ ሐኪም ቢሆን «ጎሽ» ብሎ ባለ ተራውን ይጠራ ነበር። እርሱ ግን ልጆች ተሰብስበው ሌጎ የሚሠሩበትን ማኅበር አቋቋመ፤ በዚያም ውስጥ የሥራ ክፍፍል ደነገገ።

ክፍፍሉ እንዲህ ነው። አንዱ ልጅ መሐንዲስ ይሆናል፤ ሥዕሉ ያለው በእርሱ እጅ ነው፤ ጡብ ግን አይነካም። ሁለተኛው አቅራቢ ነው፤ መሐንዲሱ የጠየቀውን ጡብ ፈልጎ ያቀብላል። ሦስተኛው ግንበኛ ነው፤ የሚገጥመው እርሱ ብቻ ነው፤ ሥዕሉን ግን አያይም። ስለዚህ መሐንዲሱ ካልተናገረ፣ አቅራቢው ካልሰማ፣ ግንበኛውም ካልጠየቀ አንዲት ጡብ እንኳ አትቆምም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሥራቸውን ይለዋወጣሉ። ልጆቹ ሲለምዱትም ሥዕል የሌለውን፣ ራሳቸው ያሰቡትን ነገር ተማክረው ወደ መሥራት ያልፋሉ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ ያ የዕቃ ዕቃ ጨዋታ ነው። በዕቃ ዕቃ ውስጥም ሹመት አለ፤ እናት አለች፣ አባት አለ። ነገር ግን ሹመቱ አይነገርም፣ ሕጉ አይጻፍም፣ ሽሮውም ሽሮ አይደለም። የእኅቴ ልጅ የቸገረው ከሰው ጋር መሥራቱ ሳይሆን ያልተነገረውን መገመቱ ነበር። በዚህኛው ጨዋታ ግን ሁሉ ነገር ተነግሯል፤ ሥራው ስም አለው፣ መጨረሻው በወረቀት ላይ ተሥሏል፣ ቀዩም ጡብ ቀይ ጡብ ነው። እኔ አገጩን ይዤ ወደ እኔ ጨዋታ ልጎትተው ስደክም፣ ለጎፍ ደግሞ ልጆቹ አስቀድመው ወደሚወዱት ነገር ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

እንግዲህ ከግቢው ሁለት ልጆች ጠራሁ። አንዷ ያች ራቷ የተወሰደባት «እናት» ናት፤ አሁን ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሁለተኛው የሽቦ መኪና በመሥራት በሰፈሩ የታወቀ የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። ለእኅቴ ልጅ አዝነው የመጡ አይምሰልዎ። ሌጎውን ለመንካት ነው የመጡት። እኔም ይህን እመርጣለሁ፤ ርኅራኄ ብቻውን ከሁለት ቅዳሜ በላይ አያመላልስም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጥፋት ነበር። የእኅቴ ልጅ ሥዕሉን አንድ ጊዜ አይቶ ሁሉን ያውቀዋልና መሐንዲስ ሲባል ጡቡን ከግንበኛው እጅ ይነጥቃል። ግንበኛ ሲባል ሥዕሉን ይነጥቃል። ባለ ሽቦ መኪናው «ጋሼ፣ እንግዲያው ብቻውን ይሥራው!» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። በሁለተኛው ቅዳሜ የተሠራው አራት ጡብ ነው።

ለእኔ የከበደኝ የገዛ ራሴ ሥራ ነበር። በዚህ ዘዴ አዋቂው ሰው ጠቡን አይዳኝም፤ መልሱንም አይናገርም። «እዚህ ላይ አንድ ችግር ያለ ይመስለኛል፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብሎ ለልጆቹ ይተወዋል። በአንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ሙሉ ለመናገር ደመወዝ ለሚከፈለው ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ምላሴን ነክሼ የቆየሁበት ጊዜ ይበዛል።

መንገዱን የከፈተችው ልጅቱ ናት። በሦስተኛው ቅዳሜ የእኅቴ ልጅ መሐንዲስ ሆኖ በጣቱ ወደ ሥዕሉ እያመለከተ «ያ! ያ!» ይላል። አቅራቢዋ የምታቀብለው ሁሉ ስሕተት ሆነ፤ እርሱም ጆሮውን ሊይዝ እጆቹን አነሣ። «ቆይ፤ ስም እናውጣለት» አለች እርሷ። ጡቡን ገልብጣ በላዩ ያሉትን ጉብታዎች እየቆጠረች «ይኸ ባለ አራት ዐይን፣ ይኸ ባለ ስድስት፣ ይኸ ባለ ስምንት ዐይን» አለች። እርሱ እጆቹን አወረደ። ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ አይዋሽም። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ሥዕሉን እያየ «ቢጫ። ባለ አራት ዐይን» አለ። ሰጠችው። ግንበኛው ወደ ጎን ባስቀመጠው ጊዜም፣ ሰው የሠራውን ስሕተት አይቶ ሲናገር ሰምቼው የማላውቀው ልጅ «እዚያ አይደለም። በቀዩ ላይ» አለው። ግንበኛው አንሥቶ በቀዩ ላይ አደረገው። አንባቢ ሆይ፤ እንዲህ ተጽፎ ሲነበብ ኢምንት ነገር ይመስላል። እትዬ በበሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ወዲያው ወደ ማድቤት ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ዐይኗ ቀልቶ ስትወጣ «ሽንኩርቱ ነው» አለች።

ለጎፍ ለልጆቹ ማኅበር ካወጣቸው ደንቦች ጥቂቶቹን በወረቀት ጽፌ በግድግዳው ላይ ለጥፌ ነበር። የሰበርኸውን ጠግን፣ ካቃተህ እርዳታ ጠይቅ፤ ሌላው የያዘውን ሳትጠይቅ አትውሰድ፤ አትጩህ፤ አትሳደብ፤ ሲጨረስ ዕቃውን ወደ ቦታው መልስ። በሁለተኛው ወር ልጅቱ እስክሪብቶዬን ጠይቃ ከሥሩ አንድ ጨመረችበት፤ «የተደረደረ ነገር በእግር አይበተንም።» ያን የቆርኪ ሰልፍ በእግሩ የበተነው ከቤታቸው ሰው አንዱ፣ ታላቅ ወንድሟ ነበር።

ዘዴው ተመርምሮ ያውቃል ወይ የሚል አንባቢ አይታጣም፤ ይገባል። ለጎፍ ራሱ በ2004 ስለ 47 ልጆች ባሳተመው ጥናት፣ ልጆቹ ሳይታዘዙ ወደ እኩዮቻቸው የሚሄዱበት ጊዜ እንደ ጨመረና ከእኩዮቻቸው ጋር የሚቆዩበትም ሰዓት እንደ ረዘመ ጽፏል። በ2008 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 11 የሆኑ ልጆችን በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰዓት ለ18 ሳምንት በዚህ ዘዴና በሌላ ዘዴ አስተምረው ቢያስተያዩ፣ ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ የሌጎዎቹ በልጠው ተገኙ። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች 250 ልጆች የተካፈሉበት፣ ከቀደሙት የሚበልጥና ጥብቅ የሆነ ምርመራ በ2023 ሲታተም፣ ከ12 ጊዜ ትምህርት የተገኘው ጥቅም ትንሽ ነበር። እኔ በበኩሌ በዚህ አላዘንሁም። ዐሥራ ሁለት ጊዜ ጨዋታ ታላቅ ለውጥ ያመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ልጅ አሳድጎ የማያውቅ ነው።

እኔን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የነካኝ ዴሚየን ሚልተን የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር፣ እርሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ሰው፣ በ2012 የጻፈው ነው። በኦቲዝም ሰውና በሌላው መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ወገን ነው ይላል፤ እነርሱ እኛን መረዳት እንደሚቸግራቸው እኛም እነርሱን መረዳት ይቸግረናል። እኔ ያን ልጅ ወደ ዐይኔ እንዲመለከት ሳስገድደው፣ እርሱ ወዴት እንደሚመለከት አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አይቼ ነበርን? የሚመለከተው ቆርኪዎቹን ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው ብመለከት ኖሮ ምናልባት ሁለት ዓመት ባተረፍን ነበር።

በቤታችሁ ሌጎ የለም ብላችሁ ግን ነገሩን አትተዉት። ዋጋው ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አይደለም፤ እኛም ከአክስታችን ባይመጣ አንገዛውም ነበር። ባለ ሽቦ መኪናው ልጅ ከሰፈሩ አናጢ የተረፈ ቁርጥራጭ እንጨት ለምኖ አምጥቶ ስንሠራበት ሥራው ከቶ አልተበላሸም። ባዶ የክብሪት ቀፎም፣ ቆርኪም ይሆናል። መኖር ያለበት አንድ ሥዕል፣ ሦስት የተለያየ ሥራና ልጁ በራሱ የሚወደው ዕቃ ነው። ቆርኪ ከወደደ በቆርኪ ይሁን። የፈረንጅ ዕቃ ስለ ሆነ ብቻ ሌጎን የሚገዙና ልጁ ሲሸሸው የሚቆጡ ወላጆች አይቻለሁ፤ መኪና የሚወድ ልጅ አለ፣ ውሃ የሚወድ አለ፣ ምንም መገጣጠም የማይወድም አለ።

የእኅቴ ልጅ ዳነ ብዬ አልጻፍሁም፤ መዳን የሚባል ነገር ስላልነበረ። ዛሬም ብይ አይጫወትም። ዛሬም የቡሄ ልጆች በር ላይ መጥተው ሲጨፍሩ አልጋ ሥር ይገባል። ዛሬም ወደ ዐይኔ አይመለከትም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የክፍሉ አስተማሪ ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ ከቁጥር በቀር ሌላው ትምህርት ይከብደዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የእርሱ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሆኖ ልጅቱ ቀረች። ባለ ሽቦ መኪናውም ሥራው ያልተጀመረ መስሎት ከውጭ ኳስ ይጫወታል። የእኅቴ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ በኋላ የሌጎውን ሣጥን በሁለት እጁ ታቅፎ ግቢውን ተሻገረና በልጅቱ ቤት በር ላይ ቆመ። ይህ ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ የማንንም በር ሄዶ አያውቅም። አላንኳኳም፤ ቆመ ብቻ። እናቷ ወጥታ «ዛሬ ጉንፋን ይዟት ተኝታለች የኔ ልጅ፤ ሌላ ቀን ትመጣለች» አለችው።

«አቅራቢ የለም» አለ።

«አሟታል እኮ፤ ነገ ትመጣለች።»

«አቅራቢ የለም።»

ሴትዮዋ እንዳትቆጣ ብዬ ልወስደው ስነሣ እትዬ እጅጌዬን ያዘችኝ። «ተወው» አለች።

ልጅቱ የእናቷን ጋቢ ተከናንባ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች ወጣች። በደጃፉ ላይ ተቀምጣ የሣጥኑን ክዳን ከፈተችና «ምን ልስጥህ?» አለችው። እርሱም ወረቀቱን እያየ «ቀይ። ባለ ስምንት ዐይን። ሁለት» አለ። ግንበኛውም ኳሱን ጥሎ እየሮጠ መጣ።